«የመጀመሪያ ቤቴን የት ልግዛ?» ከድሬዳዋ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ትንሽ የልብስ ሱቅ አለችኝ። ዕድሜዬ 33 ነው። በእቁብም በቁጠባም ብዬ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ይዣለሁ። ጅቡቲ የሚሠራው ወንድሜ 700 ሺህ እጨምራለሁ ብሏል። ሐሳባችን ቤት ገዝቶ ማከራየት ነው። ሦስት ነገር ቀርቦልናል። አንደኛው መልካ ጀብዱ ጫፍ ላይ ከገበሬ የሚገዛ 300 ካሬ መሬት ነው። ሁለተኛው ገና ያልተሠራ አፓርታማ፣ ቅድመ ክፍያ ተከፍሎ የሚጠበቅ። ሦስተኛው ሐረር ጀጎል ውስጥ የሐረሪ ባህላዊ ቤት ገዝቶ፣ አድሶ ለቱሪስት ማከራየት። ከዚህ በፊት ምንም ገዝቼ አላውቅም። የቱን ልያዝ?»

እህቴ፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን። ገንዘቡ ከእጅሽ ሳይወጣ መጠየቅሽ በጣም ደስ ብሎኛል። አብዛኛው ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ቀብድ ከከፈለ በኋላ ነው። ሥራዬ የቤት ግምት ነው። ለባንክ ዋስትና፣ ለውርስ ክፍፍል፣ ለሽያጭ የቤት ዋጋ እገምታለሁ። ድሬንም ሐረርንም የማውቃቸው በዚሁ ሥራ፣ ግቢ ለግቢ እየዞርኩ ነው።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። ከሦስቱ አንዱንም አሁን አትያዢ። የገበሬውን መሬት ጭራሽ እርሺው። አፓርታማውን ለጊዜው ተይው። የጀጎሉ ሐሳብ ቆንጆ ነው፣ ግን ለመጀመሪያ ግዢ አይሆንም። ለአንቺ የምመርጥልሽ አራተኛ መንገድ ነው። እዚያው ድሬ፣ ተሠርቶ ያለቀ፣ ካርታ ያለው፣ በገዛሽ ወር ተከራይ የሚገባበት ትንሽ ቤት። አያምርም ይሆናል። ግን ሥራውን የምትማሪበት እሱ ነው።

ለምን እንደዚህ እንዳልኩ ላስረዳሽ። ጀማሪን ሁሉም ሰው የሚያስፈራራው በዋጋ ነው። «እንዳትታለይ፣ ተወድዶብሻል» ይሉሻል። እኔ ባየሁት ግን በዋጋ የተጎዳ ሰው ቢያንስ ቤቱ አለው፣ ዓመታት ሲያልፉ ያገግማል። ባዶ እጁን የቀረው ወረቀቱን ሳያይ የገዛ ነው። ስለዚህ የምነግርሽ ሁሉ ከወረቀት ይጀምራል።

ከመልካ ጀብዱ ልነሳ። ሰው ወደዚያ ዓይኑን የጣለበት ምክንያት ይገባኛል። ነፃ የንግድ ቀጠናው ነሐሴ 2014 ተከፍቷል፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩም አለ፣ አዲሱ ባቡርም አለ። ከተማዋ ወደዚያ ትሰፋለች የሚለው ግምት ትክክል ነው። ችግሩ ሻጩ የሚሸጥልሽ መብት የለውም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው የመጠቀም መብት አለው። ያንን መብት ለአንቺ በሽያጭ ሊያስተላልፍ አይችልም። ሽማግሌ ቢፈርምም፣ ሦስት ምስክር ቢቆምም፣ ወረቀቱ የቤት ካርታ አይሆንም። ደላላው «አቦ፣ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የያዘው፣ ነገ ሕጋዊ ይሆናል» ይልሻል። ነገ የሚሆነውን እኔ ልንገርሽ። ከተማው ወደዚያ ሲያድግ ያንን መሬት ቀድሞ የሚፈልገው ራሱ አስተዳደሩ ነው። መሬት ለልማት ሲነሳ ካሳ የሚከፈለው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ሕጋዊ ባለይዞታ ለሆነ ሰው ነው። አንቺ ደግሞ በመዝገብ ላይ የለሽም። የሠራሽው ቤት የጨረቃ ቤት ይባላል፣ ይፈርሳል። ካሳው ቢመጣም ለሸጠልሽ ሰው ነው።

ባዶ መሬት በሕጋዊ መንገድ የሚያዘው በሊዝ ነው፣ ማለትም ከመንግሥት ላይ በረጅም ጊዜ ኪራይ። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ይሰጣል። ቅድመ ክፍያው ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ከ10 በመቶ አያንስም፣ ቀሪው በየዓመቱ ይከፈላል። ግን ይህም ቢሆን ለአሁኑ አቅምሽ አይደለም። መሬቱን ስትይዢ በተወሰነ ጊዜ ግንባታ የመጀመርና የመጨረስ ግዴታ ትገቢያለሽ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ፌሮም፣ የመብራት ዕቃም፣ የቧንቧ ዕቃም ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ሽቅብ ወጥቷል። ሲሚንቶ ድሬ ይመረታል፣ ቤት ግን በሲሚንቶ ብቻ አይቆምም። «ይዤ በትርፍ እሸጠዋለሁ» ብለሽም አታስቢ። ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ የሊዝ መሬት ስታስተላልፊ የሚደርስሽ የከፈልሽው ክፍያ ከነወለዱ፣ የሠራሽው ግንባታ ዋጋ፣ በዚያ ላይ ከመተላለፊያው የሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ነው። ሕጉ የወጣው መሬት እያገላበጡ መነገድን ለማስቀረት ነው።

አፓርታማውን በአጭሩ ልለፈው። ገና ያልተሠራ ቤት መግዛት ማለት ለግንበኛው ገንዘብ ማበደር ማለት ነው። ጥሩ ገንቢዎች አሉ። በ2017 የወጣው የሪል ስቴት ልማትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግመታ አዋጅም ለዘርፉ ሥርዓት ለማበጀት የመጣ ነው። ነገር ግን አንቺ የያዝሽው ገንዘብ ያለሽ ገንዘብ ሁሉ ነው። ግንባታው ሁለት ዓመት ቢዘገይ ኪራይ አይገባልሽም፣ ገንዘቡም አይመለስልሽም፣ የምትኖሪበትን ቤት ኪራይ ደግሞ ትከፍያለሽ። ወደፊት ቢያምርሽ ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቂ። መሬቱ በገንቢው ስም ነው ወይ? በባንክ ተይዟል ወይ? የግንባታ ፈቃዱ ለስንት ወለል ነው? የምትከፍይው ገንዘብ የሚገባበትን የሂሳብ ስምም እዪ። በግለሰብ ስም ከሆነ ተነስተሽ ውጪ።

ጀጎልን በደንብ ላውራሽ፣ ምክንያቱም ይህ ሐሳብ እንዲሞትብሽ አልፈልግም። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ ውስጥ ያለው ከተማ ከ1998 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እዚያ ውስጥ ቤት ስትገዢ እንደ ፈለግሽ ማፍረስ፣ ፎቅ መጨመር፣ መስኮት መክፈት የለም። እድሳት ሁሉ ከክልሉ የቅርስ ጉዳይ ከሚመለከተው ቢሮ ፈቃድ ይፈልጋል። ይህ ደግሞ ተገቢ ነው። የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ የለሰነ ሰው እርጥበቱን ውስጥ ቆልፎበታል። ግድግዳው መተንፈሻ አጥቶ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ ልስኑ በሳህን በሳህን እየተገነጠለ ይወርዳል። ኖራ የሚቀባው፣ ጣሪያውን በእንጨትና በአፈር የሚመልሰው ባለሙያ ደግሞ ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው። አሸዋና ድንጋዩ በጠባቡ መንገድ በአህያና በሰው ጫንቃ ነው የሚገባው። ይህንን በጀት ውስጥ ያላስገባ ሰው እድሳቱን መሀል ላይ ያቆማል።

ሌላም አለ። የሐረሪ ቤት ውበቱ ትልቁ ክፍል ነው፣ ነደባው (በደረጃ ከፍ ከፍ ያለው መቀመጫ መደብ)፣ ግድግዳው ላይ የተደረደረው ሙዳይና ሳህን። ለእንግዳ ግን የሚከራየው መኝታ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ስንት መኝታ ይወጣል? ኪርታቷን (የጎኗን ትንሽ ክፍል) ጨምረሽ ሁለት ወይ ሦስት ቢሆን ነው። ለእያንዳንዱ መታጠቢያና መጸዳጃ መጨመር አለብሽ፣ እሱም ቅርሱን ሳይነካ። ሐረር ውሃ ችግር እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ውሃው ከድሬ አቅጣጫ በቧንቧ ሽቅብ እየተገፋ ነው የሚሄደው። ሮቶ ሳይሞላ እንግዳ መቀበል አይታሰብም። ቱሪስት ደግሞ የወር ተከራይ አይደለም። አገር ሰላም ሲሆን ይመጣል፣ ወሬ ሲሰማ ይቀራል። ኮሮና የመጣ ጊዜ ያየነው ነው። አንቺ ቀን ሱቅ ላይ ነሽ፣ ቤቱ የደንገጎን ዳገት ወጥተሽ የምትደርሺበት ነው። ማን ቁልፍ ይሰጣል? ማን ቡና ያፈላል? ማን አንሶላ ያጥባል?

ባለቤትነቱም ይፈተሽ። ጀጎል ውስጥ ብዙ ቤት በአንድ ግቢ ይከፈታል። አንዱ ክፍል የአንድ ቤተሰብ፣ ሌላው የሌላ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል። ከአያት ወርዶ ለልጅ ልጆች የደረሰም አለ። አንዱ ወራሽ ሪያድ፣ አንዱ ቶሮንቶ፣ አንዱ አዲስ አበባ ነው። በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ተወርሶ እስከ ዛሬ የቀበሌ ቤት የሆነም አለ። ይህን ሥራ ከልብ ከወደድሽው ሌላ በር አለ። ቤቱን ከመግዛት ይልቅ ቤት ካለው የሐረሪ ቤተሰብ ጋር ተጣመሪ። እነሱ ቤቱንና እንግዳ የመቀበል ባህሉን ያመጣሉ፣ አንቺ የእድሳቱን ገንዘብ። ገቢውን በጽሑፍ ትካፈላላችሁ። ይህን ግን ከመጀመሪያው ቤትሽ በኋላ አስቢው።

አሁን ወደ ራስሽ ከተማ። ድሬ ውስጥ ሳቢያን፣ ገንደ ተስፋ፣ አዲስ ከተማ የመሳሰሉት ሰፈሮች ተከራይ አያጡም። የሆስፒታል ሠራተኛ አለ፣ የዩኒቨርሲቲ ሰው አለ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ አለ። ትንሽ ቤት፣ ሰርቪስ ክፍሎች ያሉት ግቢ፣ ወይም ኮንዶሚኒየም ፈልጊ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የባንክ ዕዳው መዘጋቱንና ለሽያጭ ክልከላ የሌለበት መሆኑን አስቀድመሽ አረጋግጪ። ከዚራን ሁሉም ይወደዋል፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ጥላው ብቻውን ዋጋ አለው። ግን እዚያ ካሉት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ የመንግሥት ናቸው። «የቁልፍ ነው የምትከፍይው፣ ስሙን እናዞርልሻለን» የሚል ሰው ከመጣ የሚሸጥልሽ የቀበሌ ወይም የኪራይ ቤት ነው። የተከራይ ስም እንጂ ቤት አትገዢም፣ እሱም ሕገ ወጥ ነው።

ቤት ስታዪ ሻጩ ካርታውን ያሳይሽ። ፎቶ ሳይሆን ዋናውን። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ስሙ ከሻጩ መታወቂያ ጋር አንድ ነው ወይ? የአባት የአያት ስም አንድ ፊደል ቢለይ እንኳ ጠይቂ። ስፋቱ ስንት ካሬ ይላል? ሜትር ይዘሽ ሂጂ፣ ግቢውን ለኪው። ካርታው 150 ብሎ ግቢው 190 ከሆነ፣ የምትከፍይበት 40 ካሬ የአንቺ አይሆንም። በስተሰሜን፣ በስተምሥራቅ ማን ያዋስነዋል ይላል? ወጥተሽ ጎረቤት አንኳኪ። «ወሰን ላይ ክርክር አለ ወይ?» በይ። ጎረቤት ደላላ የማይነግርሽን ይነግርሻል። ሰርቪስ ክፍሎቹ በፈቃድ የተሠሩ ናቸው ወይስ በኋላ የተቀጠሉ? የአገልግሎቱ ዓይነት «መኖሪያ» ነው ወይስ «ንግድ»? ይህን ሁሉ ከያዝሽ በኋላ ካርታውን የሰጠው መሥሪያ ቤት ሄደሽ ከዕዳና እገዳ ነፃ መሆኑን በደብዳቤ አረጋግጪ። በቃል «ነፃ ነው» ቢሉሽ አይበቃም።

አንድ ጀማሪ የማያውቀው ወጪ አለ። ቤቱ ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ) ከሆነ፣ ከውርስ ውጪ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ቦታው ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል። ስለዚህ «ነባር ነው፣ ሊዝ የለበትም» የሚለው የሻጩ ወሬ ለሻጩ ነው እንጂ ለአንቺ አይሠራም። ምን ያህል እንደሚያስከፍልሽ ከመሬት አስተዳደሩ ጠይቀሽ በጀትሽ ውስጥ አስገቢው። ቤቱ አስቀድሞ በሊዝ ከሆነ ደግሞ ያልተከፈለው ቀሪ ዕዳ አብሮሽ እንደሚመጣ እወቂ። የቴምብር ቀረጥም አለ፣ ከዋጋው 2 በመቶ።

ሻጩ ማነው? ያገባ ከሆነ ባልም ሚስትም መፈረም አለባቸው። በድሬ የሚሠራው በ1992 የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ነው። በእሱ መሠረት የጋራ የሆነን ቤት አንዱ ብቻውን ሊሸጠው አይችልም። ላጤ ነኝ ካለ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያምጣ። ወራሽ ከሆኑ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ይኑራቸው፣ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ጨርሰነዋል ካሉም ውሳኔውን እዪ፣ የሁሉንም ስም ቁጠሪ፣ የሁሉንም ፊርማ ጠብቂ። «እህታችን ትስማማለች፣ ውጭ አገር ናት» አይሠራም። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው ቤት የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ የሚሰጥ ልዩ ውክልና ይሁን። ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ነው። ውክልናው አለመሻሩን፣ የወከለው ሰው በሕይወት መኖሩን አረጋግጪ። ሰውየው ሲሞት ውክልናውም አብሮ ይቋረጣል። ጅቡቲና ዓረብ አገር የብዙ ቤተሰብ ሰው ስላለ ይህ በድሬ የየዕለት ጉዳይ ነው።

ውሉን በቤት ውስጥ፣ በደላላ ፊት ብቻ አትጨርሺ። ድሬዳዋ የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ጽሕፈት ቤት አለ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ እዚያ መመዝገብ አለበት። ከዚያ በፊት ቀብድ ከሰጠሽ ትንሽ አድርጊው፣ በባንክ ስጪ፣ «ቀብድ» የሚል ቃል በወረቀቱ ላይ ይስፈር። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ገዢ ውሉን ከተወው ቀብዱን ያጣል፣ ሻጭ ከተወው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ሻጩ ሌላ ገዢ ሲመጣለት ሐሳቡን እንዳይቀይር የሚያስረው ይህ ነው። ዋናውን ክፍያ በሲፒኦ (ባንክ ራሱ በሚያረጋግጠው የክፍያ ማዘዣ) አዘጋጅተሽ ፊርማው ላይ አስረክቢ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እለምንሻለሁ። ግብር ለመቀነስ ተብሎ ውሉ ላይ የሚጻፈውን ዋጋ ዝቅ አታድርጊ። «ሁሉም እንዲህ ያደርጋል» ይሉሻል። ነገ ውሉ ቢፈርስ ፍርድ ቤት እንዲመለስልሽ የሚያዘው የተጻፈውን ነው። 2 ሚሊዮን ከፍለሽ 600 ሺህ ካጻፍሽ፣ 1 ሚሊዮን 400 ሺሁን በምን ትጠይቂያለሽ? ለጥቂት ብር ብለሽ የሕይወትሽን ቁጠባ ያለ ማስረጃ አታስቀምጪው። ሕገ ወጥም ነው።

ወረቀቱ ከጠራ በኋላ ቤቱን ራሱን እዪ። ቀትር ላይ ሂጂ፣ 8 ሰዓት ገደማ። ድሬ ጠዋት ሁሉም ቤት ደስ ይላል። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ሥር አሥር ደቂቃ ቁሚ፣ ተከራዩ የሚያደርገውን ታውቂዋለሽ። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በረንዳ ያለው፣ ግቢው ውስጥ አንድ ዛፍ ያለው ቤት ተከራይ አይለቀውም። በሙቀቱ ወራት ሰው ግቢ ውስጥ ነውና የሚያድረው፣ የግቢው ስፋት ከክፍሉ ስፋት እኩል ይቆጠራል። ቧንቧውን ክፈቺ። የድሬ ውሃ ጨው አለው፣ የቧንቧውን አፍ ነጭ ቅርፊት ይዘጋዋል። መስመሩ የቆየ ከሆነ መቀየር ሊኖርብሽ ነው። ቆጣሪ ስንት ነው? አራት ተከራይ በአንድ የመብራት ቆጣሪ ካሉ በየወሩ ጠብ አለ፣ ዳኛዋም አንቺ ነሽ።

ከሁሉም በላይ ጎርፉን አስቢ። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ግን በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ዝናቡ የዘነበው ከላይ ተራራው ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ቢሆንም ከወንዙ ዳር ርካሽ ቤት ሲቀርብልሽ የርካሽነቱን ምክንያት እወቂ። ግድግዳውን ከሥር እዪው፣ ከጉልበት በታች ቀለሙ ተላጦ ነጭ ጨው የወጣበት መስመር ካለ ውሃ ገብቶበታል ወይም ከመሬት እርጥበት እየሳበ ነው። አዲስ ቀለም ከሥር ብቻ የተቀባ ግድግዳም ይጠርጠር። በዕድሜ የገፉ ጎረቤት ፈልገሽ «በ98 ውሃው እስከ የት ደረሰ?» ብለሽ ጠይቂ። በእጃቸው ያሳዩሻል።

አሁን ሒሳቡ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ነው የምጠቀመው። አንድ ቤት 2 ሚሊዮን ብር ተጠየቀ እንበል። አራት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ በ3,000 ይከራያል። በወር 12,000፣ በዓመት 144,000። ደላላው እዚህ ላይ ያቆማል፤ «7 በመቶ ያገባል» ይልሻል። አንቺ ቀጥይ። በዓመት አንድ ወር ባዶ ይሆናል በይ፣ 12,000 ቀንሺ። ለጥገና 13,000 ቀንሺ። ለኪራይ ገቢ ግብርና ለቦታ ክፍያ 12,000 እንበል። 107,000 ቀረሽ። ቤቱ ደግሞ ከነስም ማዛወሪያውና ከነአነስተኛ እድሳቱ 2 ሚሊዮን 100 ሺህ ወጥቶበታል። ሲካፈል 5 በመቶ ገደማ ነው። ያወጣሽውን በኪራይ ብቻ ለመመለስ ወደ 20 ዓመት ይፈጃል ማለት ነው። ባንክ ዝም ብሎ ለተቀመጠ ቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ ከ2010 ጀምሮ 7 በመቶ ሆኖ ቆይቷል።

ታዲያ ለምን ቤት ይገዛል? ገንዘብ ተቀምጦ በዋጋ ንረት ይበላል፣ ቤት ከነኪራዩ አብሮ ይጨምራል ተብሎ ነው። ወለድ ለማይወስድ ሰው ደግሞ ንጽጽሩም የለም። ይህ ትክክለኛ ምክንያት ነው፣ ግን ጭማሪው ቃል የተገባልሽ ነገር አይደለም። እኔ የማደርገው ይህ ነው። የተጣራው ኪራይ ከዋጋው 4 በመቶ በታች ከሆነ ሻጩ የጠየቀኝ የነገውን ዋጋ ነው ብዬ አልፈዋለሁ። አራትና አምስት መካከል ከሆነ እከራከራለሁ። ከ5 በላይ ሆኖ ወረቀቱ ከጠራ አልለቀውም።

የራስሽን ሱቅም በዚሁ ሚዛን አስቀምጪው። እዚያ ያለው ገንዘብ በዓመት ስንት ጊዜ ይዞራል? ከኪራይ ብዙ እጥፍ የሚያስገኝ ከሆነ የሱቁን መሮጫ ገንዘብ ነቅለሽ ቤት ላይ አትትከዪው። ከ2 ሚሊዮን 500 ሺሁ ቢያንስ 250 ሺህ ሳይነካ ይቀመጥ። የመጀመሪያው ዓመት ቤት ሁልጊዜ ያልታሰበ ነገር ያመጣል። ሮቶ ይሰነጠቃል፣ የፍሳሽ ጉድጓድ ይሞላል፣ ተከራይ ሳይከፍል ይወጣል።

ገንዘቡ ቢያንስሽስ? ወለድ የማትፈልጊ ከሆነ ከወለድ ነፃ የሚሠሩ ባንኮች አሉ፣ ዘምዘምና ሂጅራ ሙሉ በሙሉ በዚህ ሥርዓት የሚሠሩ ናቸው፣ ከመደበኛዎቹ ባንኮችም ብዙዎቹ ለዚሁ የተለየ መስኮት አላቸው። በሙራባሐ ባንኩ ንብረቱን ገዝቶ፣ ትርፉን በግልጽ ጨምሮ፣ በየጊዜው እየከፈልሽ ይሸጥልሻል። በየትኛውም መንገድ ብትገቢ ወርኃዊ ክፍያው ቤቱ ባዶ ቢሆን እንኳ ከሱቅሽ ልትከፍይው የምትችዪው ይሁን። የተከራይን ገንዘብ ለባንክ ክፍያ ተማምነሽ አትፈርሚ።

ስለ ተከራይ ጥቂት ልበል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድመ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። የኪራይ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ኪራይ ስትወስኚ አስበሽ ወስኚ። «በኋላ እጨምራለሁ» የሚለው የድሮ ልማድ አያስኬድም። የምትመርጪውም ተከራይ ሁለት ዓመት አብሮሽ የሚኖር ነው። የቀድሞ አከራዩን ስልክ ጠይቂና ደውይ።

የቀረው የወንድምሽ ጉዳይ ነው። 700 ሺሁ ስጦታ ነው፣ ብድር ነው ወይስ ድርሻ? አሁን ስትዋደዱ ተነጋገሩት። ድርሻ ከሆነ ካርታው ላይ የሁለታችሁም ስም ይግባ፣ ድርሻችሁም ይጻፍ። ገንዘቡን በባንክ በስምሽ ይላክ፣ ደረሰኙን አስቀምጪ። ኪራዩ እንዴት ይከፈላል፣ ጥገና ማን ይሸፍናል፣ አንዳችሁ መሸጥ ብትፈልጉ ሌላው ቀድሞ የመግዛት መብት ይኑረው አይኑረው፣ አንድ ገጽ ላይ አስፍሩት። እሱ ለፊርማ መምጣት ካልቻለ ለአንቺ ቤት የመግዛትና ስም የማዞር ልዩ ውክልና ጅቡቲ ባለው ኤምባሲያችን አረጋግጦ ይላክልሽ። ትዳር ካለሽም ባለቤትሽ ይወቀው፣ በትዳር ጊዜ የተገዛ ቤት በመርህ ደረጃ የጋራ ነው።

እስከዚያው ድረስ ሳትቸኩይ ቤት እያየሽ ቆዪ። የመጀመሪያዎቹን ቤቶች ለመግዛት ሳይሆን ለመለማመድ እዪያቸው። ለእያንዳንዱ ካሬውን፣ የክፍሉን ብዛት፣ የሰፈሩን ኪራይ፣ የተጠየቀውን ዋጋ በደብተር ጻፊ። ጥቂት ገጽ ስትሞዪ አንዱ ውድ፣ አንዱ ርካሽ መሆኑ ያለ ማንም ነጋሪ ይታይሻል። የምትወጂው ሲገኝ የካርታውን ኮፒና ያሰላሽውን ሒሳብ ይዘሽ ቀብድ ሳትከፍዪ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።